መልስ፦ የሽሮ ሜዳ የአገር ልብስ ነጋዴዎችን ታሪክ ልጽፍ ብዬ ስለ ሥራቸው ስጠይቃቸው ዝም ይሉኛል ላልከው

"በወር ስንት ያተርፋሉ?" ብለህ አትጀምር። ዝም ያሉህ በዚህ ነው። ገቢ የሚጠይቅ እንግዳ ለነጋዴ የግብር ሰው ነው የሚመስለው።

ይልቅ ስለ መነሻው ጠይቅ። "የመጀመሪያውን ብር ከየት አገኙት?" በላቸው። እቁቡ መቼ እንደደረሳቸው፣ ድርና ማጉን በዱቤ ማን እንደሰጣቸው፣ የመጀመሪያውን ነጠላ ማን እንደገዛቸው ራሳቸው ያወሩልሃል። ከዚያ "ሊዘጉት የደረሱበት ጊዜ ነበር?" ብለህ ዝም በል። አትቸኩል፣ አታቋርጥ። እኔ ብዙ የተማርኩት ከዚህ ጥያቄ ነው።

ከጥምቀትና ከፋሲካ በፊት ባሉት ቀናት አትሂድ፤ ገበያው ደርቶ ቀና ብሎ የሚያይህ የለም። በዓሉ ሲያልፍ ሂድ። ስልክህን አውጥተህ መቅረጽ ከመጀመርህ በፊት ቡና አብራችሁ ጠጡ፣ ከዚያ አስፈቅድ።

ትልልቅ ነጋዴዎችንም ስታነጋግር መነሻውን ፈልግ። ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 እ.ኤ.አ. ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትመሠርት የተነሳችው ሁላችንም ከምናውቀው የጎማ በረባሶ ነው። ስለዚህ "ድሮ የነበረው ምንድን ነው? እርስዎስ ምን ጨመሩበት?" ብሎ መጠየቅ ያዋጣል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። አንድ ጊዜ ለአንድ ሸማኔ ድር በዱቤ የሚሰጠውን ሰው ስም ጽፌ አወጣሁ። ሌሎችም ወደዚያው ሰው ጎረፉ፣ የሸማኔው ዱቤ ቀረ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የአበዳሪና የደንበኛ ስም አትጻፍ፤ ከማውጣትህ በፊትም የጻፍከውን አንብብላቸው።