«እውነተኛዋ አንቺ ከዋሻው ማዶ ናት» ይለኛል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ?

የ26 ዓመት የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ብርድ ልብስና ጋቢ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ከጓደኛዬ ጋር ከተዋወቅን ሁለት ዓመታችን ነው። ኮምፒውተር ተምሯል፤ ሥራ ግን የለውም። ልብ ወለድ እየጻፈ ነው። ሳይንስም ፍቅርም ያለበት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከጣርማ በር ዋሻ ወዲህ ያለው ዓለም፣ እኛ ያለንበት ብርዱና ጭጋጉ ሁሉ፣ በኮምፒውተር የተሠራ ነው። እውነተኛው ከዋሻው ማዶ ነው። ሁለት ፍቅረኞች ነጭ ክኒን ሲውጡ ያልፋሉ። ልጅቷ ስሟ የእኔ ስም ነው።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። በስሟ መጽሐፍ ሲጻፍላት የምትጠላ ማን ናት? ከሰዓት በርጫ ላይ ያነብልኛል። እኔም እሱን ብዬ ቅጠል ጀመርኩ። ሲመረቅን እንደ እሱ የሚያፈቅር የለም። ማታ ዝም ይላል። ጠዋት ጭራሽ ባዳ ነኝ። አንድ ቀን ሳለቅስ «አንቺ ኮፒ ነሽ፤ እውነተኛዋ ከዋሻው ማዶ ናት» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ባለፈው ወር ትራማዶል አመጣ። ከጫቱ ጋር ወሰድንና በሚኒባስ ወደ ደብረ ሲና ወረድን። እውነቱን ልንገርዎት፣ ከዋሻው ወጥተን ጭጋጉ ሲገለጥ እኔም አመንኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ሥዕል መሰለኝ። ሌሊቱን እሱ ሲያስመልሰው፣ እኔ በዱካክ ስቃዥ አደርን። ግን ያቺ ግማሽ ሰዓት ትናፍቀኛለች።

እናቴ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ልውሰድሽ ትላለች። እሱ መጽሐፉ እስኪያልቅ አትለይኝ ይላል። ልተወው? ወይስ እውነት የሆንኩት እዚያ ብቻ ነው?

ኮፒዋ፣ ከደብረ ብርሃን

እህቴ፣

ስለ ፍቅሩ ቆይ፤ ክኒኑ ይቀድማል። ትራማዶል የሞርፊን ዘመድ የሆነ የሕመም ማስታገሻ ነው። ሱስ ያስይዛል። ሲበዛ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፍ ይችላል፤ አነቃቂ ነገር ሲታከልበት ደግሞ አደጋው ይብሳል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው። እና ያን ቀን ከማስመለስና ከዱካክ ያለፈ ነገር አለመድረሱ ዕድላችሁ ነው። እሱ ክኒኑን በየቀኑ የሚወስድ ከሆነ በአንዴ ማቆሙም ያሳምመዋል፤ ሐኪም ይወቀው።

አሁን ወደ ዋሻው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት በፈረንጅ 1641 «የማየው ሁሉ የአንድ ክፉ መንፈስ ማታለያ ቢሆንስ?» ብሎ ጠይቋል። በፈረንጅ 2003 ደግሞ ኒክ ቦስትሮም የተባለ ፈላስፋ፣ የምንኖረው ኮምፒውተር በፈጠረው ዓለም ውስጥ ሊሆን ይችላል ብሎ ተከራክሯል። እንደዚያም ቢሆን ግን ሁላችንም ነን፤ ዋሻው፣ ማዶው፣ ሚኒባሱ፣ እሱ ራሱ። አንቺ ኮፒ፣ እሱ ኦሪጅናል የሚል ነገር የትም የለም። ያቺን የጨመራት ጓደኛሽ ነው፤ ለምን እንደጨመራት አስቢበት።

ዋሻውን ጣሊያን በወረራው ጊዜ ያስቆፈረው ነው። ጭጋጉ የሚመጣው የቆላው አየር ገደሉን ሽቅብ ሲወጣ ስለሚቀዘቅዝ ነው። እኔም ብዙ ጊዜ አልፌበታለሁ፤ ሳልቅምም ልቤን ቀጥ ያደርገዋል። ያ ውበት የክኒኑ አይደለም። ተሳፋሪው ሥዕል የመሰለሽ ግን የክኒኑና የጫቱ ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

ፍቅሩም ቢሆን ሰዓት አለው። ከሰዓት ይከፈታል፣ ማታ ይዘጋል። ካቲኖን አንጎል ውስጥ ዶፓሚን ሲያበዛ ሰው ወሬውም ፍቅሩም ይሞቃል፤ ሲወርድ ይደብረዋል። ውሸቱን ነው አላልኩሽም። የሚልሽን ያን ሰዓት ከልቡ ሊሆን ይችላል። ግን ጠዋት የሚያውቅሽ ሰው ያስፈልግሻል።

እንዲህ አድርጊ። አንድ ቀን ጠዋት፣ ሳይቅም፣ ቁርስ ላይ «ያን ምዕራፍ አንብብልኝ» በይው። አፍሮ «ልብ ወለድ እኮ ነው» ካለሽ ደራሲ ነው፤ ሀራራው ቢኖርበትም ልትረጂው ትችያለሽ። በጠራ አእምሮም ኮፒ ነሽ ካለሽ ግን ታሟል። አትከራከሪው፤ ዋሻውን ስምንቴ ብታስረጂው አይሰማሽም። ለቤተሰቡ ንገሪና ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይውሰዱት። ጫት የበዛበት ሰው ላይ የሚታይ ነገር ነው፤ ይታከማል።

ከእናትሽ ጋር ጠበል ሂጂ፤ ማን ይከለክልሻል? ሐኪምም ጋ ሂጂ። አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ልተወው ላልሽው፣ በርጫው ላይ አትገኚ። ይህ እሱን መተው ከሆነ፣ አዎ ተዪው። መጽሐፉን ካላንቺ መጨረስ ካቃተው ቅጠል ትቶ ይጨርሰው።

አንድ ነገር ግን አልጻፍሽልኝም። ደብረ ሲና ወርዳችሁ ቆሎ ሳትገዙ ተመለሳችሁ? ከእናትሽ ጋር ውረጂ፣ ሳትቅሚ። ቆሎውን እየቆረጠምሽ ጻፊልኝ።