ፓክ ማን ወደ ቤት ሲገባ

ኮድ መጻፍ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ምክር ስትጠይቁኝ ብዙ ጊዜ ስለ አዲስ ነገር እንዳወራችሁ ትጠብቃላችሁ። ዛሬ ግን ስለ አንድ አሮጌ ጌም ልንገራችሁ። ስለ ፓክ ማን።

እ.ኤ.አ. በ1980 የጃፓኑ ኩባንያ ናምኮ ለጌም ቤት ማሽን ያወጣው ጌም ነው፤ ንድፉ የቶሩ ኢዋታኒ። ስሙ ጃፓኖች አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ «ፓኩ ፓኩ» ከሚሉት የመጣ ነው፤ እኛ ጎረስ ጎረስ እንደምንለው። ቢጫው አፍ በተጠላለፉ ጠባብ መንገዶች ውስጥ 240 ትንንሽና 4 ትልልቅ ነጥቦችን ይለቅማል። አራት መናፍስት ያሳድዱታል።

አራቱ ግን አንድ አይደሉም። ቀዩ በቀጥታ ይከተላል። ሮዙ ፓክ ማን ወደዞረበት አቅጣጫ 4 ካሬ ቀድሞ መንገድ ሊዘጋበት ይሞክራል። ሰማያዊው የቀዩን ቦታ ጭምር ያሰላል። ብርቱካናማው ከሩቅ ይመጣል፣ ይመጣል፣ 8 ካሬ ያህል ሲቀረው ወደ ማዕዘኑ ይሸሻል። ሲጻፍ ጥቂት መስመር ኮድ ነው። የጌሙ ነፍስ ግን እሱ ነው።

እና ይህን ጌም ወደ ቤት ማስገባት መጣ። የጌም ቤቱ ማሽን ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራ ነበር፤ ስክሪኑም የቆመ፣ 224 በ288 ፒክሰል። የቤት ቴሌቪዥን ግን በጎኑ የተኛ ነው። መንገዱ እንደ አዲስ መሳል ነበረበት።

በ1982 አታሪ 2600 ለሚባለው የቤት ጌም ማሽን የጻፈው ቶድ ፍራይ ነው። ዋናው ፕሮግራም 16 ኪሎባይት ነበር፤ እሱ የነበረው ካርትሪጅ፣ ማሽኑ ላይ የሚሰካው የጌም መያዣ፣ 4 ኪሎባይት ብቻ። ሜሞሪው 128 ባይት ብቻ! ዛሬ ፊደልን ወደ ባይት በምንቀይርበት ስልት፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ እዚያ የሚገባው 42 ፊደል ነው። የዚህን ደብዳቤ አንድ መስመር እንኳ አይዝም። ማሽኑ ከጥይትና ከኳስ ሌላ የሚያንቀሳቅሰው ሁለት ምስል ብቻ ነበር። አንዱን ፓክ ማን ወሰደ። ሌላውን አራቱ መናፍስት ተራ በተራ ተካፈሉት። የአሜሪካ ቴሌቪዥን በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲስል እያንዳንዱ መንፈስ የሚደርሰው 15 ጊዜ ነው። ስለዚህ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ነጥቦቹም ጭረት ሆኑ። ወደ 7 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ፤ ብዙ ሰው ግን ቅር አለው።

ፍራይን የሚወቅስ ስሰማ ይከፋኛል። በዚያ ቦታ ያን ያህል ማስገባት ቀላል አይደለም።

በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ማሽን ላይ ሚስ ፓክ ማን መጣች። ካርትሪጁ 8 ኪሎባይት ሆኗል፤ እሱ ረድቷል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። መናፍስቱ ሁልጊዜ ብልጭ ድርግም ከሚሉ፣ በአንድ አግድም መስመር ሲገናኙ ብቻ ብልጭ ድርግም እንዲሉ ተደረገ። ከፍና ዝቅ ብለው ሲሄዱ ደህና ይታያሉ። ኮሞዶር 64 የሚባለው የቤት ኮምፒውተር ደግሞ 8 ተንቀሳቃሽ ምስል ስለነበረው ይህ ጭንቀት አልነበረበትም። ስፔክትረም የሚባለው ሌላ የቤት ኮምፒውተር ችግሩ ቀለም ነበር፤ 8 በ8 ፒክሰል በሆነ ካሬ ውስጥ ከ2 ቀለም በላይ አይችልም። እያንዳንዱ ማሽን ድህነቱ ለየብቻ ነው።

ይህን የምነግራችሁ እኔ ራሴ ስላጠፋሁ ነው። ለአንድ መሥሪያ ቤት የፎርም መሙያ አፕ ሠራሁ። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ይበራል። የገጠር ሠራተኞቹ አሮጌ ስልክ ላይ ግን ተንቀራፈፈ። መቀነስ ነበረብኝና የተሞላውን ፎርም ያለ ኔትወርክ የሚያስቀምጠውን ክፍል አወጣሁ። የሚያምረውን አኒሜሽን ግን እንዳለ አስቀረሁት፤ ሳሳሁለት። አንዲት ሠራተኛ ደውላ «ጋሼ፣ የ3 ቀን ሥራዬ የለም» አለችኝ። ድምጿ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ነፍሱን አውጥቼ ልብሱን ነበር ያስቀረሁት።

አሁን ሥራ ስጀምር በወረቀት ላይ አንድ ነገር እጽፋለሁ፤ ሁሉም ቢቀነስ የማይቀነሰውን። ኮድ ከመክፈቴ በፊት።

ቅዳሜ ጊዜ ካላችሁ ብርቱካናማውን መንፈስ ብቻ ጻፉት። ቀለምና ድምፅ ይቅርበት። «ብ» የምትል አንዲት ፊደል ትሁን፣ ፓክ ማን ደግሞ «ፓ»። «ብ» 8 ካሬ ሲቀራት ዞራ ስትሸሽ ካያችሁ ኮዱን ላኩልኝ፤ አነበዋለሁ።