ቱቦው ላይ የተጻፈውን ሳታነብ እግርህን አትቀባ

ወንድሜ፣ «በትንሿ ጣቴና በጎረቤቷ መካከል ቆዳው ነጥቶ ይላጣል፤ ቅባት ስቀባ ማሳከኩ ይተወኛል፣ ሳቆም ብሶበት ይመለሳል» ያልኸውን ሳነብ የእግር ፈንገስ የያዘውን የራሴን እግር ያየሁ መሰለኝ። እኔ አጋሮ አካባቢ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ስሠራ ቀኑን ሙሉ ከቦቲ ጫማ አልወጣም ነበር። አንተም ጅማ ነኝ ካልህ ቦቲ ሳታደርግ አትቀርም።

1. የምትቀባውን እወቅ። እኔን ያከሰረኝ ይህ ነው። ጓደኛዬ «ክሎትሪማዞል ግዛ» ብሎኝ መድኃኒት ቤት ስደርስ ስሙ ጠፋብኝና «ያ ክሎ የሚባለው የቆዳ ቅባት» አልሁ። ሻጩ ከስልኩ ቀና ሳይል ክሎቤታሶል አውጥቶ ሰጠኝ። ስማቸው መንትያ ይመስላል፤ ሥራቸው አይገናኝም። ክሎትሪማዞል የፈንገስ መድኃኒት ነው። ክሎቤታሶል ግን ብርቱ ስቴሮይድ ነው፤ መቅላቱንና ማሳከኩን ጸጥ ያደርጋል፣ የቆዳውን መከላከያ ስለሚያዳክም ግን ፈንገሱ እንደ ልቡ ይስፋፋል። በሦስተኛው ቀን ማሳከኩ ሲጠፋ እኔ ሞኙ ሻጩን መርቄው ነበር! በወሩ ከጣቶቼ መካከል ወጥቶ የእግሬን ጀርባ ያዘ፤ ከዚያም ብሽሽቴ ላይ እንደ ጭርት ክብ ሠራ። ቤታሜታዞንም የዚያው የስቴሮይድ ወገን ነው። የአንተም ቅባት ከእነዚህ ስቴሮይዶች አንዱ ሊሆን ይችላል፤ አሁኑኑ ቱቦውን አንብብ።

ጤና ጣቢያ ስሄድ ደግሞ የካርድ ክፍሉ ሰውዬ «ለእግር እከክ ነው ይህን ሁሉ ሰልፍ የያዝኸው?» ብሎ በሰው ፊት ጮኸብኝ። አፍሬ ተመለስሁ። በዚህች እፍረት ሁለት ሳምንት ከሰርሁ። በሁለተኛው ጉዞዬ ያገኘኋት ጤና መኮንን ግን፣ እግዚአብሔር ይስጣት፣ ከቁስሉ ጠርዝ ቆዳ ፍቃ በማይክሮስኮፕ አስመረመረችልኝና ፈንገስ መሆኑን ነገረችኝ። ክሎቤታሶሉን አስጥላ ክሎትሪማዞል ጠዋትና ማታ አዘዘችልኝ።

2. ሲሻልህ አታቁም። እኔ በአሥረኛው ቀን «ድኛለሁ» ብዬ ትቼ እንደገና ከዜሮ ጀምሬአለሁ። ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ሁለት ሳምንት ያህል ቀጥል፤ ከቁስሉ አልፈህ ዙሪያውን ጭምር ቀባ።

3. እግርህን በተለይ በጣቶችህ መካከል አድርቅ፤ ለእግርህ የራሱ ፎጣ ይኑረው። በጅማ ክረምት የራሰ ጫማ በአንድ ሌሊት አይደርቅም፤ ስለዚህ ሁለት ጥንድ ገዝቼ እያፈራረቅሁ፣ የሚያርፈው ውስጥ ጋዜጣ እጠቀጥቃለሁ። ባልደረቦቼ «ባለ ሁለት ቦቲው ሀብታም» ይሉኛል፤ ይበሉ። የጋራ መታጠቢያ ቤት ያለ ነጠላ ጫማ አትግባ። ካልሲህንም ከውስጥ ሱሪህ በፊት አድርግ፤ ሰው ይሳቅ፣ የውስጥ ሱሪው እግርህን ነክቶ ሲወጣ ፈንገሱን ወደ ብሽሽት ያሻግራል። ነጭ ሽንኩርት ደቁሰህ እሰር የሚልህን አትስማ፤ እኔ አስሬ አድሬ ውኃ ቋጥሮ አቃጥሎኛል።

ስኳር ካለብህ ወይም እግርህ ቀልቶ፣ አብጦ የሚግል ከሆነ ይህን ሁሉ ተወውና ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

የእኔ አንድ ጥፍር እስካሁን ወፍራምና ቢጫ ነው። ለእርሱ ቅባት አይበቃም፣ ለወራት የሚዋጥ ኪኒን ያስፈልገዋል፣ ከዚያ በፊትም የጉበት ምርመራ አለ ተብያለሁ። ሰኞ ሰልፉን እይዛለሁ። ካርድ ክፍሉ ያው ሰውዬ ከሆነም መልሴን አዘጋጅቻለሁ።