አንድ ጊዜ ተጭኖ ሰባት ጊዜ የሚመዘግብ ቁልፍ

ጥያቄው የመጣው ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ የጅምላ መጋዘን የጭነት መመዝገቢያ ገጽ ከሚያስተዳድሩ አንባቢ ነው። ገጹ በሙሉ ሪሎድ ሳይደረግ የጭነቶቹ ሠንጠረዥ ብቻ በየ10 ሴኮንዱ ከሰርቨር እየመጣ ይተካል። መጀመሪያ ላይ በሠንጠረዡ ውስጥ ያሉት «ተረክቤአለሁ» የሚሉ ቁልፎች ከአንድ እድሳት በኋላ አይሠሩም ነበር። ባለሙያ ተጠርቶ ካስተካከላቸው ወዲህ እነርሱ ይሠራሉ፤ ከሠንጠረዡ በላይ ያለው «አዲስ ጭነት መዝግብ» ግን ገጹ እንደተከፈተ ሲጫኑት አንድ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሲጫኑት ሰባት ጊዜ ይመዘግባል። ጥፋቱ የኢንተርኔቱ እንደሆነና ከፊል እድሳቱን ትተው ገጹን በሙሉ ሪሎድ ማድረግ ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል።

ኢንተርኔቱ አይደለም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ድረስ መጥቼ ኮዱን ሳላይ ይህን የምለው «ሰባት» ስላሉኝ ነው። በ60 ሴኮንድ ውስጥ ሠንጠረዡ 6 ጊዜ ታድሷል፤ ገጹ ሲከፈት የነበረው 1 ሲጨመርበት 7 ይሆናል። የኔትወርክ ብልሽት እንዲህ እየቆጠረ አያጠፋም። የከፊል እድሳቱን ዘዴም አይተዉት፤ መሠረቱ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ብራውዘር የነበረ፣ በ2005 አጃክስ የሚል ስም የወጣለት የተፈተነ ዘዴ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ነው። ከሰርቨር የመጣውን ጽሑፍ ገጹ ውስጥ የሚያስገባው ኢነርኤችቲኤምኤል የሚባል ትእዛዝ አሮጌውን ሠንጠረዥ አያድሰውም፣ ይጥለዋል። ብራውዘሩ የመጣለትን ጽሑፍ ከመነሻው አንብቦ አዳዲስ ረድፎችንና አዳዲስ ቁልፎችን ይሠራል። በርዎ ላይ የኤሌክትሪክ ደወል አለ እንበል። አናጺ መጥቶ በሩን ከነደወል መጫኛው ነቅሎ ይወስድና ልኩም ቀለሙም መጫኛውም ያው የሆነ ሌላ በር ይገጥማል። እንግዳ መጥቶ ቢጫን ደወሉ አይጮህም፤ መጫኛው ተበላሽቶ ሳይሆን ሽቦው ከአሮጌው በር ጋር ተቆርጦ ስለሄደ ነው። ቁልፉ ሲጫን ሥራ እንዲጀመር የሚያስረው አድኢቨንትሊስነር የሚባል ትእዛዝ ያ ሽቦ ነው። የሚታሰረው ከቁልፉ መልክ ወይም ከመለያ ስሙ ጋር ሳይሆን ከዚያ ከራሱ ኤለመንት፣ ማለትም ገጹ ላይ ካለው ከዚያው ቁልፍ ጋር ነው። ከእርስዎ በፊት ኮዱን የነካው ሰው ይህን በከፊል ተረድቶ ሠንጠረዡ በታደሰ ቁጥር ሽቦውን እንደገና አስሯል፤ ክፋቱ በገጹ ላይ ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ ማሰሩ ነው። የሠንጠረዡ ቁልፎች በየጊዜው አዲስ ስለሆኑ አንድ አንድ ሽቦ ብቻ ይደርሳቸዋል። «አዲስ ጭነት መዝግብ» ግን ሳይነቀል ስለሚቆይ በየ10 ሴኮንዱ አንድ ሽቦ ይጨመርበታል፣ ሲጫንም ሁሉም በአንድነት ይጮኻሉ። በስም የሚታወቅ አንድ ፈንክሽን (የትእዛዞች ስብስብ) ደጋግሞ ቢያስር ኖሮ ብራውዘሩ ባልደገመው ነበር፤ እዚያው በቦታው የተጻፈ ስም የለሽ ፈንክሽን ግን በየጊዜው እንደ አዲስ ይቆጠራል።

ግምቴን ለማረጋገጥ፣ በመጋዘኑ እውነተኛ መዝገብ ላይ ሳይሆን በኮፒው ላይ፣ ኤፍ 12ን ተጭነው የኔትወርክ መስኮቱን ይክፈቱ፤ አንድ ደቂቃ ቆይተው ቁልፉን አንድ ጊዜ ይጫኑና የሚላኩትን ጥያቄዎች ይቁጠሩ። ሰባቱን ካዩ በኋላ በእድሳቱ ፈንክሽን ውስጥ ያለውን የማሰሪያ ኮድ በሙሉ ያውጡት። «አዲስ ጭነት መዝግብ» ገጹ ሲከፈት አንድ ጊዜ ይታሰር። ለሠንጠረዡ ደግሞ ክሊክ ከቁልፉ ተነስቶ በረድፉ በኩል ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ከእንግዲህ ሠንጠረዡ ራሱ ሳይነቀል ረድፎቹን የያዘው ቲቦዲ የሚባለው ውስጡ ብቻ ይተካ፣ አንድ ሊስነር (ሽቦው) ብቻ ደግሞ ከሠንጠረዡ ጋር ይታሰር። የተጫነውን ቁልፍ፣ ከተነካው ነገር ተነስቶ ወደ ላይ በሚፈልገው በክሎዘስት ይፈልጉት፤ በትክክል የተነካውን ነገር ብቻ በሚናገረው በታርጌት ከተማመኑ በቁልፉ ላይ ያለችው ትንሽ ምልክት ስትነካ ያመልጥዎታል።

ኮዱን እንደከፈቱ ግን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይዩልኝ፤ ሰው በእጁ የጻፈው የሾፌር ስምና አስተያየት በኢነርኤችቲኤምኤል የሚገባ ከሆነ ያቁሙት፤ በስም ፈንታ ኮድ የሚጽፍ ሊኖር ይችላል። የስክሪፕት ታግ (ገጹ ውስጥ ኮድ የሚይዘው ምልክት) በዚህ መንገድ ሲገባ አይሠራም ብለው የሚዝናኑ አሉ፤ በማይከፈት ምስል ላይ የተንጠለጠለ ኦንኤረር፣ ማለትም ምስሉ ሲከሽፍ የሚነሳ ኮድ፣ ግን ይሠራል፣ ገጹን በከፈተው ሠራተኛ መብትም ያሻውን ያደርጋል። ሰው የጻፈው ሁሉ፣ ጽሑፍን እንደ ጽሑፍ ብቻ በሚያስገባው በቴክስትኮንተንት ይግባ።

  መልስ ሳይጠብቅ በየ10 ሴኮንዱ በሚደጋግመው በሴትኢንተርቫል ምትክም፣ መልሱ ከደረሰ ወይም ጥያቄው ከከሸፈ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ የሚቀጥረውን ሴትታይምአውት ቢጠሩ፣ መስመሩ ሲዘገይ አሮጌ መልስ ኋላ ደርሶ አዲሱን አይሸፍነውም። ጥያቄውን የሚልከው ፌች የሚባል ትእዛዝ ሰርቨሩ 500 (የሰርቨር ስህተት) ቢመልስለትም እንደ ተሳካ ስለሚቆጥረው፣ መልሱ ደህና መሆኑን የሚናገረውን ኦኬ ሳያዩ ሠንጠረዡን አይንኩ። እነዚህን ሲያስተካክሉ ረድፎቹን እንደገና መጻፍዎ ስለማይቀር ደግሜ እላለሁ፤ የሾፌሩ ስም በቴክስትኮንተንት ነው።

እስካሁን የተደጋገሙትን መዝገቦች በአንድ ትእዛዝ እንዳያጠፏቸው። በአንድ ቀን ሁለት መኪና ተመሳሳይ ጭነት አምጥቶ ሊሆን ስለሚችል፣ መጀመሪያ የዳታቤዙን ኮፒ ይያዙ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ከዕቃ ገቢ ደረሰኙ ጋር እያመሳከሩ ይሰርዙ፤ በመጨረሻም ሁለት ጊዜ ቢላክ ሰርቨሩ እንዳይቀበለው በዳታቤዙ ውስጥ የደረሰኝ ቁጥሩን የማይደገም ያድርጉት።