መሪው የሚላላ አሮጌ አይሱዙ

ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ሜዳው ላይ መሪው በባዶ እየዞረ መኪናው ወዲያ ወዲህ ካለብህ፣ የመሪውን ሳጥን (የመሪውን ዙር ወደ ጎማ የሚያስተላልፈውን የጥርስ ሳጥን) ለመቀየር አትቸኩል። መጀመሪያ ቴስታዎቹን፣ ማለትም የመሪ ዘንጎቹ ጫፍ ላይ ያሉትን መጋጠሚያዎች እይ።

ሞተሩን አጥፋ፣ ጎማውን በድንጋይ አስደግፍ። ረዳትህ መሪውን ግራ ቀኝ ያወዛውዝ፤ አንተ ከስር መጋጠሚያዎቹን በእጅህ ያዝ። አንዱ ወገን ሲንቀሳቀስ ሌላው ዝም ካለ፣ ያለቀው እሱ ነው።

ቴስታው ደህና ከሆነ የመኪናውን ፊት በክሪክ አንሳና ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው። ከተነቃነቀ ረዳትህ ፍሬን ይርገጥ። መነቃነቁ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ኪንግ ፒኑን፣ ጎማው ግራ ቀኝ ሲታጠፍ የሚዞርበትን ወፍራም ፒን ጠርጥር። የጎማ ንፋስም እንዳትረሳ።

አደራ፣ የሳጥኑን ማስተካከያ ቡሎን ዝም ብለህ አታጥብቅ። ከልክ በላይ ከጠበቀ መሪው ከታጠፈበት አልመለስ ይላል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለት ስትወርድ ይህ ከመላላቱ የባሰ አደጋ ነው።