«እምነት» እና «ማይንድ» ዘመድ ናቸው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ የምሠራ ነርስ ነኝ። አያቴን የመርሳት በሽታ ይዟታል፤ ሐኪሙ «ዲሜንሺያ» አለን። ይህ ቃል ከእንግሊዝኛው «ማይንድ» ጋር ሥሩ አንድ ነው ሲባል ሰማሁ። የእኛም «ማመን» ውስጡ «መን» አለና ከዚያው ይሆን እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ አያትሽን እግዜር ይማርልሽ። የሰማሽው ልክ ነው። የሕንድና የአውሮፓ ቋንቋዎች የጋራ እናት የሚሏት ቋንቋ አንድም ጽሑፍ የላትም፤ ሊቃውንት ልጆቿን እያነጻጸሩ ነው የደረሱባት። አእምሮን ወይም ሐሳብን የሚገልጸውን ቃሏን «ሜንቲስ» ብለው ሲጽፉ ፊቱ ላይ ኮከብ ያኖራሉ፤ ተጽፎ አልተገኘም ለማለት ነው። ከሱ የላቲኑ «ሜንስ»፣ የሊትዌንያው «ሚንቲስ»፣ የሳንስክሪቱ «መቲ»፣ የእንግሊዝኛውም «ማይንድ» ወረዱ። «ዲሜንሺያ» ከላቲኑ ነው፤ «ዲ» መራቅን ስለሚያመለክት ከአእምሮ መራቅ ማለት ነው። «ሜንቲስ» ራሱ ማሰብን ከሚገልጸው «መን» ከሚባል ሥር ነው፤ ሕንዶች በጸሎት የሚደጋግሙት «ማንትራ»ም ከዚያው ሥር ነው፤ ቃል በቃል «ማሰቢያ» ብንለው ይሆናል።

«ማመን» ግን የሌላ ቤት ልጅ ነው። ሴማዊ ነው፤ የዕብራይስጡ «አሜን» ወንድሙ ነው፣ የሥሩም ትርጉም ጽናት ነው። አንድ ቃል ስለተመሳሰለ ዝምድና አይቆጠርም፤ ድምፆቹ በብዙ ቃላት ላይ በሥርዓት መተካካት አለባቸው። የላቲን «ፐ» በእንግሊዝኛ «ፈ» ሆኖ ይመጣል፦ «ፓተር» «ፋዘር»፣ «ፔስ» «ፉት»፣ «ፒስኪስ» «ፊሽ»።

ዓሣ ካነሳሁ አይቀር፣ ትናንት አሞራ ገደል የተጠበሰ ዓሣዬን ጨርሼ «ሒሳብ!» ብዬ ስጣራ ደብዳቤሽ ትዝ አለኝ። «ሒሳብ» እና «ማሰብ» ሥራቸው አንድ ነው፤ ግእዙ «ሐሰበ» ቆጠረም አሰበም ይላል። «አእምሮ» ደግሞ «አእመረ» ከሚለው ነው፣ ዐወቀ ማለት።

ይህን ሁሉ ዓመት ቃላት ስከታተል እንደሚከተለው ያስደሰተኝ ጥቂት ነው። ላቲን ከዚያ ከ«መን» ሥር «ሞኔሬ» የሚል ግሥ አወጣ፤ ሌላው እንዲያስብ ማድረግ፣ ማሳሰብ ማለት ነው። ከሱ ሐውልቱ «ሞኑሜንቱም» ተባለ። እኛም ከ«አሰበ» «አሳሰበ»ን አወጣን፣ ሐውልቱንም «መታሰቢያ» አልነው። ዝምድና የለንም፣ መንገዱ ግን አንድ ነው። «ሞኒተር»ም ከዚያው ከ«ሞኔሬ» የመጣ ነው። በሽተኛሽ ራስጌ ቆሞ ልብ ሲዛባ የሚጮኸው ማሽን፣ በላቲኑ ስሙ «የሚያሳስብ» ነው።