ሞተሩን ከማስከፈትህ በፊት ዲናሞው ጀርባ ያለችውን ፓምፕ እያት

ደብረ ብርሃን ያለ ወንድማችን የጠየቀኝን ባጭሩ ላስቀምጠው። መኪናው እ.ኤ.አ. የ1995 ሃይሉክስ ፒካፕ ነው፣ 3ኤል ናፍጣ ሞተር፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ገብስና ድንች ጭኖ ይወርዳል ሲመለስ ሽንኩርት ይዞ ይወጣል። ሰሞኑን ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ዝቅ ባለ ዙር ሲሰራ) ቋ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ጀምሮታል፣ ሲሞቅ ይብሳል፣ ነዳጅ ሲረግጥ ይጠፋል። ጉልበት አልቀነሰም፣ የዘይት ጌጁም ደህና ነው። ጋራዥ ቢወስደው "ቢየላ ነው፣ ሞተር ይውረድ" አሉት፣ ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ ማለታቸው ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደ ቀላል ነገር ጣል ያደረጋት አለች፣ ፍሬን ሲይዝ ድምፁ ለትንሽ ጊዜ ይቀየራል፣ ፔዳሉም ጠንከር ብሎበታል። ይሄ ሁሉ ሳይጀምር በፊት ዲናሞ (ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገውን) አስቀይሮ ነበር።

ወንድሜ፣ እኔን የያዘችኝ ያቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት። ቢየላ አንተ ፍሬን መርገጥህን በምን ያውቃል? ቢየላ የሚያንኳኳው ጭነት ሲበዛበት ነው፣ ዳገት ላይ ሦስተኛ ይዘህ ነዳጅ ስትሰጠው ነው የሚጮኸው። ቆሞ ሚኒሞ ላይ ጮሆ፣ ዙር ሲጨመርለት ዝም የሚል፣ ያውም የዘይት ግፊት ሳይወርድ፣ እንዲ አይነት ቢየላ ብዙ አይገጥምም። ፍሬን ስትረግጥ የሚቀየር ድምፅ ካለ ችግሩ ከፍሬን ጋር የሚገናኝ ቦታ ነው፣ 3ኤል ላይ ደግሞ ከፍሬን ጋር የሚገናኘው የሞተሩ ክፍል ዲናሞው ጀርባ ላይ ያለችው የቫኪዩም ፓምፕ ናት፣ ከፍሬን ሰርቮው (ፔዳሉ ላይ እግርህን ከሚያግዘው ክፍል) አየር የምትስበው። ዲናሞ ከተቀየረ በኋላ መጀመሩን ስትጨምርበት እኔ ሌላ ነገር ለመጠርጠር አልቸኩልም።

ወደ ስራው ሳልገባ ግን አንድ ነገር ልለምንህ። ፔዳሉ ጠንክሯል ካልክ መኪናው ይቁም። በዚህ ፍሬን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወስደውን የጣርማ በር ቁልቁለት እንዳትወርድ። ባዶም ሆነህ፣ ቀስ ብለህም ቢሆን።

አሁን ይቺ ፓምፕ ለምን እንዳስፈለገች ትንሽ ላብራራ፣ ምክንያቱም መካኒኩም ባለመኪናውም ስለሚዘሏት ነው ስንቱ ደህና ሞተር የሚከፈተው። የቤንዚን ሞተር አየር የሚስበው በቢራቢሮ (አየሩን በሚገድበው ክዳን) ታንቆ ስለሆነ የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ውስጥ ቫኪዩም አለ፣ የፍሬን ሰርቮው ከዛ ይወስዳል። ናፍጣ ሞተር ግን ጉልበቱን የምትቆጣጠረው በናፍጣው መጠን ነው፣ አየሩን እንደልቡ ይስባል፣ ስለዚ ለሰርቮ የሚተርፍ ቫኪዩም የለውም። ስለዚህም ዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ ትንሽ ፓምፕ ታሰረች። ውስጧ ከመሀል ትንሽ ወጣ ብሎ የተቀመጠ ሮተር አለ፣ ሮተሩ ላይ በተሰነጠቁት ቦታዎች ገባ ወጣ የሚሉ ስስ ቢላዎች አሉ። ሲሽከረከር ቢላዎቹ ወደ ውጪ ይወረወሩና ግድግዳውን እየጠረጉ ከሰርቮው አየር ይስባሉ። የሚያለሰልሳቸውም ክፍተታቸውን የሚደፍነውም ከሞተሩ በቀጭን ቱቦ የሚመጣ ዘይት ነው፣ ከዛ ዘይቱም አየሩም በወፍራሙ ቱቦ ወደ ሞተር ይመለሳል። ቢላዎቹ ካለቁ ወይ ዘይቱ ካነሰ፣ ዙር ዝቅ ሲል የሚወረወሩበት ኃይል ስለሚያንስ ግድግዳውን ለቀቅ ያደርጉና ተመልሰው ይመቱታል፣ ቋ ቋ የምትለው እሷ ናት። ዙር ስትጨምር ግድግዳው ላይ ተጣብቀው ይሮጣሉ፣ ዝም። ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ይብሳል። ፍሬን ስትረግጥ ከሰርቮው አየር ይመጣባቸውና ጫናቸው ይቀየራል፣ ድምፁም አብሮ ይቀየራል። ያንተን ደብዳቤ አንድ በአንድ እያየህ አመሳክረው።

ሰርቮው ራሱ ደግሞ የሚረዳህ በውጪው አየር ግፊት ነው። ፓምፗ ከአንዱ ወገን አየሩን ታወጣለች፣ ከሌላው ወገን የውጪው አየር ገፍቶ እግርህን ያግዛል። ይሄ አየር ደግሞ ከፍታ ላይ ይሳሳል። ባህር ወለል ላይ 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሆነው ግፊት ደብረ ብርሃን፣ 2,800 ሜትር አካባቢ ስትደርስ ወደ 540 ይወርዳል፣ ጣርማ በር ላይ ከዛም ያንሳል። ማለትም ጤነኛ ፓምፕ ይዘህ እንኳን ጣርማ በር ዋሻው ጋ ያለህ የፍሬን እገዛ ቆላ ካለው ያነሰ ነው፣ ቁልቁለቱ የሚጀምረው ደግሞ እዛው ነው። የታመመ ፓምፕ ከጨመርክበት ምን እንደሚመጣ አስበው። ሌላም ነገር ልንገርህ፣ የቫኪዩም ጌጅ ያለው ጋራዥ ሄደህ "600 መሆን አለበት፣ ያንተ 480 ነው፣ ፓምፑ ሞቷል" ቢሉህ እሺ አትበል። 600 ለዝቅተኛ ቦታ የሚሰራ ቁጥር ነው፣ ደብረ ብርሃን ላይ የትኛውም ፓምፕ 600 አያመጣም፣ ከውጪው 540 በላይ የሚወጣ አየር ከየት ይመጣል። እዛ 480 ካነበበ ፓምፑ ጎበዝ ነው። በዚህ ምክንያት ደህና ፓምፕ ተጥሎ ኮፒ ሲገጠም ሳይ ያናድደኛል።

ፍተሻው እንዲ ነው። ሞተር አጥፋ፣ ፔዳሉ ድርቅ እስኪል ደጋግመህ ርገጥ፣ ከዛ እንደረገጥከው ሞተሩን አስነሳ። ፔዳሉ ከእግርህ ስር ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ካልወረደ ወይ ብዙ ቆይቶ ከወረደ ቫኪዩም የለም ወይ በጣም ደካማ ነው። ቀጥሎ ሞተሩ በሚኒሞ እየሰራ ረጅም ካቻቪቴ ወስደህ እጀታውን ጆሮህ አጥንት ላይ፣ ጫፉን ፓምፗ ጀርባ ላይ አድርግ፣ ከዛ ብሎኩ ጎን ላይ። ፓምፗ ላይ ቀረብ ብሎ እንደ መዶሻ ከመጣ፣ ብሎኩ ላይ ደግሞ ራቅ ብሎ ከተሰማ፣ በቃ። ቬንትሌተሩ እዛው አፍንጫህ ስር ነው የሚዞረው፣ ጋቢህንና ሻሽህን አውልቀህ ግባ፣ የሹራብ እጅጌህንም ሰብስብ።

የሚያረጋግጥልህ ግን ቺንጋውን (ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ) መፍታት ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ጎማው ስር ድንጋይ ገብቶ። 12 እና 14 ቁልፍ ይዘህ የዲናሞውን ቡሎኖች አላላ፣ ዲናሞውን ወደ ሞተሩ ግፋና ቺንጋዎቹን አውጣ፣ ሞተሩን አስነስተህ አዳምጥ። ከአንድ ደቂቃ በታች ብቻ፣ ምክንያቱም የውሃ ፓምፑም አብሮ ቆሟል። ድምፁ ከጠፋ ሞተርህ ጤነኛ ነው፣ የሚቀርህ ዲናሞው ከነቫኪዩም ፓምፑ እና የውሃ ፓምፑ ናቸው፣ ሁለቱንም በእጅህ አዙር፣ ቬንትሌተሩን ይዘህ ወደፊት ወደኋላ ወዝውዘው፣ የሚወላወል ከሆነ የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ ነው። ቺንጋው ወልቆ መኪናውን አንድ ሜትር እንኳን እንዳታንቀሳቅስ፣ ያኔ ሰርቮ የሚባል ነገር የለህም።

ቺንጋው ወልቆም ድምፁ እንዳለ ከሆነ ያን ጊዜ ወደ ሞተሩ እንገባለን። የየኢንጀክተሩን (ናፍጣ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨውን) የናፍጣ ቱቦ ዳዶ ተራ በተራ ላላ እያደረግክ መልሰህ አጥብቅ። አንዱን ስታላላ ድምፁ ከጠፋ ወይ ከደከመ የዛ ሲሊንደር ኢንጀክተር ወይ ቢየላ ነው፣ ኢንጀክተሩን ከጎረቤቱ ጋር አቀያይረህ ድምፁ አብሮት ከሄደ ኢንጀክተር ነው፣ ካልሄደ ነው ስለ ቢየላ የምናወራው። ጨርቅ ሸፍንበት፣ መነፅር አድርግ፣ እጅህን የሚረጨው ላይ አታስጠጋ። ይሄ ደግሞ ለእንዳንተ አይነቱ አሮጌ ሜካኒካል ፓምፕ ብቻ ነው፣ ዲ-ፎር-ዲ (አዲሱን የቶዮታ ናፍጣ ሞተር) ያለው ሰው ይሄን አንብቦ እንዳይሞክረው፣ እዛ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1000 ባር በላይ ነው፣ ቆዳ በስቶ ይገባል።

የኔ ግምት ትክክል ከሆነ ዲናሞውን የገጠመው ሰው ስራ ላይ ነው ችግሩን የምታገኘው። ቱቦዎቹን ፈትተህ እያቸው። የዘይት ቱቦው ጫፍ ላይ ሲሊኮን ተለቅልቆ ታገኛለህ ብዬ እፈራለሁ፣ ሲሊኮን እኮ ለዛ ቦታ አይደለም፣ ወደ ውስጥ የገባው ትርፍ ተቆርሶ ቀጭኗን የዘይት መንገድ ይዘጋታል፣ ፓምፗ በደረቅ ትሰራለች። ሁለተኛው በሽታ የመመለሻው ጎማ ነው። የራዲያተር ውሃ ጎማ ቆርጠው በፋሸታ ያስሩታል፣ የውሃ ጎማ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ከውስጥ ይጠባል፣ ዘይቱ መመለሻ ሲያጣ ፓምፗ ውስጥ ይጠራቀምና ፓራኦሊዮውን (ዘይት እንዳያልፍ የሚከለክለውን ጎማ) አልፎ ዲናሞው ውስጥ ይገባል። ዲናሞው ጀርባ ጥቁርና ርጥብ ከሆነ ይሄ ነው፣ ቻርጅ የማድረጉም ነገር ብዙ አይቆይም። የዘይት ጎማ ተብሎ የሚሸጠውን ግዛ፣ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ነው፣ ሳይታጠፍም ይግባ።

ዘይት መድረሱን ለማየት፣ ሞተሩ እንዳይነሳ የናፍጣ መዝጊያውን ሶሌኖይድ ገመድ ንቀል፣ ቀጭኑን ቱቦ ከፓምፗ በኩል ፈትተህ ኮዳ ውስጥ አስገባ፣ ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) ትንሽ አዙር። ዘይት መውጣት አለበት። ካልወጣ ቱቦውን አጽዳ።

ፓምፗን ስትከፍት ግድግዳዋን በጥፍርህ ዳስስ። ጥፍርህን የሚይዝ ጭረት ካለ ቤቷ አልቋል፣ ቢላ መቀየር አይጠቅምህም። ቢላዎቹ ሲገቡ ክብ የሆነው ጫፋቸው ወደ ውጪ፣ ወደ ግድግዳው ነው፣ ገልብጠው ያስገቧቸውና ገና ከመነሳቱ ይጮኻል። ኦሪንጉ አዲስ ይሁን። ከመዝጋትህ በፊት ንጹህ የሞተር ዘይት ጠብ አድርግባት፣ ከዛ ፑሊውን በእጅህ እያዞርክ አውራ ጣትህን የቫኪዩም መሳቢያው ላይ ድፈን፣ ጣትህን ስትስብህ ይሰማሃል። ካልሳበችህ መኪናው ላይ አትግጠማት።

ዕቃ ስትገዛ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ሂድ ሌላ ቦታ፣ የብር ቀለም የተቀባው አዲስ መሳይ ዲናሞ አይሸውድህ። ኮፒዎቹ ፓምፕ ውስጥ ያለው ቢላ ቶሎ ነው የሚያልቀው፣ አንተም ተመልሰህ እዚሁ ድምፅ ላይ ነህ። ኦሪጅናል ሆኖ ያገለገለ፣ እዛው ከፍቶ ግድግዳውን የሚያሳይህ ሻጭ ካገኘህ እሱን ውሰድ። አልከፍትም ካለህ ተወው።

ፊት ለፊቱ ተከፍቶ ሳለ ታይሚንግ ቺንጋው (ባልቦላዎቹን በጊዜያቸው የሚያስከፍተው ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ ጠይቅ። 100,000 ኪሎ ሜትር ካለፈ ወይ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ከነመወጠሪያው ኩሽኔታ ይቀየር፣ ይሄ ሞተር ቺንጋው ሲበጠስ ፒስተኑና ባልቦላው ይጋጫሉ፣ ያኔ ነው እውነተኛ የሞተር ማውረድ የሚመጣው። ባልቦላ ጠጠጠ የሚል ቀጭን ድምፅ ነው፣ ካንተ ጋር አይሄድም፣ ቢሆንም ካስፈተሽከው ክፍተቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ መግቢያው ከ0.20 እስከ 0.30፣ ማውጫው ከ0.40 እስከ 0.50 ሚሊሜትር ነው።

ድምፁ ጠፍቶ ፔዳሉ ካልለሰለሰ ከፓምፗ ወደ ሰርቮው የሚሄደውን ጎማና መሀሉ ላይ ያለችውን አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ባልቦላ እይ፣ አፍህን አድርገህ ንፋ፣ በሁለቱም በኩል ካሳለፈች ሞታለች። እሷም ደህና ከሆነች ሰርቮው ውስጥ ያለው ጎማ ተቀዷል፣ ሞተር እየሰራ ፔዳሉን ስትይዝ ከእግርህ ስር ሽሽሽ የሚል አየር ይሰማል። ሁሉም ካለቀ በኋላ የፔዳሉን ፍተሻ ድገመው፣ ከዛ ከተማው ውስጥ ሜዳ ላይ፣ ባዶውን፣ ደጋግመህ ፍሬን እየያዝክ ሞክረው። ፔዳሉ በየጊዜው እኩል እስኪለሰልስልህ ድረስ ጣርማ በርን እንዳትወርድ፣ ገብሱና ድንቹ በሌላ መኪና ይሂድ። የቺንጋው ፍተሻ ላይ ያገኘኸውን ጻፍልኝ፣ ድምፁ ጠፋ ወይስ አልጠፋም የሚለውን ብቻ ብትነግረኝ ከዛ እንቀጥላለን።